የዘማርያም አመድማ ኮት

ደብረ ማርቆስ ሰው የምትንቅበት ምክንያት አጥታ አታውቅም። በዘጠናዎቹ መጀመሪያ ዋናው ምክንያት ልባሽ ጨርቅ መልበስ ነበር፤ የሚያስቀው የማይለብስ ሰው አለመኖሩ ነው። ቅዳሜ ገበያ ላይ ቦንዳው ተፈትቶ ልብሱ ሸራ ላይ ሲከመር መምህሩም፣ የፍርድ ቤት ጸሐፊውም፣ የቀበሌው ሹምም አጎንብሰው ይበረብሩ ነበር። በማግስቱ ከቅዳሴ ሲወጡ አንዱ የሌላውን ኮት ዳበስ አድርጎ «የት አሰፋኸው?» ይላል። «አዲስ አበባ ነዋ!» ይባላል። ውሸቱ ብቻውን አያሳፍርም ነበር። የሚያሳፍረው ጠያቂው ራሱ ያንኑ ኮት ትናንት ለክቶት፣ ጠቦት የተወው መሆኑ ነው።

ልብስ ሰፊው ዘማርያም ከዚህ ሁሉ ውጭ ነኝ ባይ ነበር። አሮጌ የስፌት መኪናውን አንድ የቆርቆሮ ሱቅ በረንዳ ላይ አስቀምጦ ይውላል፤ እኔም ጡረታ ከወጣሁ ወዲህ ከጎኑ ካለው አግዳሚ ላይ ጋዜጣ ይዤ እውላለሁ። ዩኒቨርሲቲ ገብቼ ፍልስፍና ተማርኩ፤ ሠላሳ ዓመት ለማይሰሙኝ ተማሪዎች አስተማርኩ። ያተረፍኩት ነገር ቢኖር ከዚያ አግዳሚ ላይ ሆኖ አላፊ አግዳሚውን መናቅ ነው። በዚህ ከዘማርያም ጋር ተስማማን።

በበረንዳው ላይ ያሉት ሌሎች ሰፊዎች ልባሽ በማጥበብና በማሳጠር ኑሯቸውን ይገፉ ነበር። ዘማርያም ግን አንዱ ኮት ታቅፎ ቢመጣና «ጋሼ፣ ይቺን ትንሽ ያጥብቡልኝ» ቢለው ቀና አይልም።

«ሟቹን ጠይቀው፤ ልኩን እሱ ያውቃል።»

ልባሽ ሁሉ ከሞተ ፈረንጅ ላይ የተገፈፈ ነው ብሎ ያምናል። «የሞተ ሰው ልብስ በኔ መርፌ አይወጋም» ማለት የዘወትር ጸሎቱ ነበር። እኛ አገር ሰው ሲሞት ልብሱ ለንስሐ አባቱ ይሰጣል፤ ከተማው ውስጥ ያለ ቄስ ግማሹ የሟች ካፖርት ለብሶ ነው የሚባርከን። ይህን ስነግረው «እሱ ሌላ ነው፣ የታወቀ ሟች ነው» አለኝ። ሟችን በዝምድና መምረጥ እንግዲህ የእሱ ፍልስፍና ነው። እኮራበታለሁ ያለው ነገር ደግሞ ሆዱን አልሞላለትም፤ ኮት የሚያሰፋ ሰው ከጠፋ ሁለት ዓመት ሆኖት መጋረጃና የተማሪ ዩኒፎርም ይሰፋ ነበር።

በታኅሣሥ ወር አቶ አወቀ የሚባል የደብረ ኤልያስ እህል ነጋዴ በረንዳው ላይ መጣ። ትከሻው በር የሚሞላ ሰው ነው። ከአዲስ አበባ ያስመጣውን አመድማ ሱፍ ጨርቅ ጠረጴዛው ላይ ጣለና፣

«ልጄን ጥር ላይ እድራለሁ» አለ። «አንተ የሞተ ሰው ልብስ አልነካም ትላለህ አሉ። እኔም የሞተ ሰው አልለብስም። ተገናኘን!»

ዘማርያም ከወንበሩ ተነሣ። ሲነሣ ቁመቱ የጨመረ መሰለኝ። ልኩን ወሰደ።

በሦስተኛው ቀን ጨርቁን ዘርግቶ በጠመኔ አሰመረ። መነጽር አለው፤ ሰው ፊት ግን አያደርገውም። ጋዜጣዬን ሳነብ የመቀሱ ድምፅ ቀጥ አለ።

«ምነው?»

«ምንም።»

ምንም ሲል ምንም እንዳልሆነ የሚያምን ሰው ቂል ነው። ተነሥቼ አየሁ። ሱፍ ጨርቅ ፊትና ጀርባ አለው፤ የደረቱን ሁለት ቁራጭ አንዱን ገልብጠው ካልቆረጡት ሁለቱም ለአንድ ጎን ይሆናሉ። ዘማርያም ሁለት ቀኝ ቆርጦ ቁጭ ብሏል። የሳምንት ለማጅ የሚሠራው ስህተት ነው። የተረፈው ጨርቅ ለእጅጌ እንኳ አይበቃም፤ እንዲህ ያለ ጨርቅ ደግሞ በማርቆስ ሱቅ አይገኝም።

«ሰውየውን ንገረው» አልኩት።

«ምን ብዬ?»

«ተሳሳትኩ ብለህ።»

ገበያ መሃል ልብስህን አውልቅ ያልኩት ይመስል አየኝ። «ከተማው ያንን ነው የሚጠብቀው! ‹የሞተ አልነካም ሲል ኖሮ ያልሞተውን ጨርቅ ገደለው› ሊሉኝ? ከስሜ በቀር ምን አለኝ?»

እውነቱን ነው፤ ምንም አልነበረውም። ስም ብቻ ያለው ሰው ደግሞ ምንም ከሌለው ሰው ይልቅ ያስፈራል፤ ያንን ለማዳን የማያደርገው የለም።

ሠርጉ ሁለት ሳምንት ሲቀረው፣ ቅዳሜ ጠዋት፣ «ተነሥ፣ ገበያ እንውረድ» አለኝ። መንገድ ላይ ነው ነገሩን የተነፈሰው። «አመድማ ኮት ካገኘን አንተ ትገዛለህ።»

«ለምን እኔ?»

«አንተን ቢያዩህ ምን ትሆናለህ? ጡረተኛ ነህ።»

ንቀቱን ንቄ ተከተልኩት። ጥሩነሽ የምትባለው ልባሽ ሻጭ ካልተፈታ ቦንዳ ላይ እንደ ዙፋን ተቀምጣለች። አፏ ከዘማርያም መቀስ ይስላል።

«ውይ፣ ጋሼ ዘማርያም! ዛሬ ፀሐይ በየት ወጣች?»

«ሰው እየጠበቅሁ ነው» አለ፣ ፊቱን ወደ በርበሬ ተራ አዙሮ።

«ይጠብቁ፤ መሬቱ የመንግሥት ነው።»

እኔ አጎንብሼ አንድ በአንድ እያነሣሁ አሳያለሁ፤ እሱ ከሦስት ርምጃ ላይ በጎን ዓይኑ ያያል፤ የሚሆን ሲገኝ ሊያስል ተስማምተናል። ቡናማውን አነሣሁ፣ ዝም። ባለመስመሩን አነሣሁ፣ ዝም። ወርቃማ ቁልፍ ያለው ቀይ ነገር አነሣሁ። «እሱን እንኳ ይተዉት ጋሼ» አለች ጥሩነሽ፣ «ሰርከስ ሲመጣ ብዬ ነው የያዝኩት።» ከዚያ ከሥር አመድማ ኮት ወጣ።

አላሳለም። ዞር ስል አጠገቤ ቆሟል፤ ሰው እንዳያየው መጠንቀቁን ረስቶታል። ኮሌታውን በአውራ ጣቱ ገለበጠ። የቁልፍ ቀዳዳውን በጥፍሩ ዳሰሰ፤ በእጅ የተሰፋ ነው፣ ስፌቱ የጤፍ ፍሬ አያህልም። ደረቱን ጨበጠና ለቀቀ፤ ጨርቁ ምንም እንዳልደረሰበት ተመለሰ። እንዲህ አድርጎ ሰው ሲነካ አይቼው አላውቅም፤ ልጆቹንም ጭምር።

«የሞተ ሰው ነው» አለ በመጨረሻ። የሚናገረው ለኮቱ ይመስል ነበር።

«ከሞተ ‹መልሱልኝ› አይልዎትም» አለች ጥሩነሽ። «ካልሞተም እስከ ማርቆስ አይመጣም።»

ጥሎት ሄደ። እስከ በርበሬ ተራ ሄደና አስነጠሰው፣ ተመለሰ። እንደገና ሄደ። ከንፈሩ ሲንቀሳቀስ ይታየኛል፤ ከራሱ ጋር እየተከራከረ ነው። እኔም ኮቱን ታቅፌ እንደ ሞኝ ቆምኩ። ሃያ ዓመት የተናገረውን ለመዋጥ ስንት ደቂቃ ይፈጅ ይሆን እያልኩ ሳሰላ፣ አንድ የፍርድ ቤት ጸሐፊ መጣና ከክንዴ ላይ የኮቱን እጅጌ ሳብ አደረገ።

«የተያዘ ነው!» ብሎ ዘማርያም ከበርበሬ ተራ ጮኸ። ገበያተኛው ዞረ። ቀላና በጣቱ ወደ እኔ አመለከተ። «የ... የእሱ ነው።»

ጥሩነሽ ኮቱን አየች፤ ቀጥላ የእኔን ቅጥነት አየች። «ለእርስዎ ነው ጋሼ?»

«አዎ።»

«መልካም። ከነጎረቤትዎ ይበቃችኋል።»

ተገዛ። ተሸክሜ ያወጣሁት እኔ ነኝ። ሰውን ስለ ውሸቱ እየናቅሁ ኖሬ፣ ውሸቱን አጣጥፌ በብብቴ ይዤለት ሄድኩ።

ዘማርያም መጀመሪያ ኮቱን ጠበል ረጨው። በአቶ አወቀ ልክ ላይ ዘረጋው፤ በአንድ ጣት እንኳ አልበለጠም፣ አላነሰም፤ ገበሩን መፍታት አላስፈለገውም። ከውስጥ ኪስ በላይ የተሰፋውን የፈረንጅ ጽሑፍ ያለበት ቁራጭ ጨርቅ ግን በምላጭ አነሣ። ጽሑፉ የነበረበት ቦታ ገበሩ ሳይደበዝዝ ጥቁር እንደሆነ ቀርቶ ነበር፤ እሱን ለመሸፈን ከተበላሸው ጨርቅ ቁራጭ ወስዶ በጥቁር ክር «ዘ» ብሎ ጠለፈበት። አንድ ቀን ሙሉ ስሙን በሌላ ሰው ሥራ ላይ ሲጠልፍ አጠገቡ ተቀምጬ አየሁት። ከዚያ ቆንጆ «ዘ» አይቼ አላውቅም።

ሠርጉ ላይ ሁለታችንም ተጠራን። አቶ አወቀ ዳሱ መሃል ቆሞ የኮቱን ደረት ከፈተ። «ልባሽ ነው ያለ ማን ነው? ይኸው ፊደሉ! የማርቆስ ሰው እጅ ነው!» እልልታው ቀለጠ። ጤፍ ቆርጥሞ የበቀለበትን መስክ የሚነግርህ ሰው የራሱን ጨርቅ ከሌላው አልለየውም። ዘማርያም አንገቱን ደፋ፤ ሰዉ «ትሕትናው!» አለ። ትሕትና ከምንለው ነገር ግማሹ ይኸው ሳይሆን አይቀርም።

በሳምንቱ አሥር ሰው ጨርቅ ታቅፎ መጣ። ዘማርያም ሁሉንም መለሰ። «እንደዚያ ያለ ኮት በዕድሜ አንዴ ነው የሚሰፋው» አለ። ይህቺ ቃል ስሙን ከኮቱ በላይ ከፍ አደረገችው። ከተማችን የሚሠራላትን ሰው አታከብርም፤ እምቢ የሚላትን ታመልካለች። ስድስት ዓመት ባልሰፋው አንድ ኮት ተከብሮ፣ መጋረጃ እየሰፋ፣ የልባሽ ለባሹን ዘር እየሰደበ ኖረ። አቶ አወቀ ለገበያ ሲመጣ ብቻ ዝም ይላል። ተነሥቶ ኮሌታውን ያስተካክልለታል፤ ያኔ አውራ ጣቱ የቁልፍ ቀዳዳው ላይ ቆየት ትላለች።

ከዚያ አቶ አወቀ ሞተ። አርባው ባለፈ በሳምንቱ አባ ወልደ ሩፋኤል፣ የሟቹ ንስሐ አባት፣ ኮቱን አንጠልጥለው በረንዳው ላይ መጡ። እሳቸው እንደ እኔ ቀጭን ናቸው።

«ዘማርያም፣ የነፍስ ልጄ ልብስ ደረሰኝ። ነፍሱን ይማረውና አወቀ ለብቻው ሁለት ሰው ነበር። አጥብብልኝ።»

«አባ፣ እኔ የሞተ ሰው...» አለ።

«የሞተ ሰው ምን? እኔ አርባ ዓመት ሙሉ ያልሞተ ሰው ልብስ ለብሼ አላውቅም። ደግሞስ የራስህ እጅ አይደለም ወይ? ይኸው ስምህ!» ኮቱን ከፍተው «ዘ»ን አሳዩት።

እምቢ ማለት አልቻለም፤ የራሱን ሥራ እንዴት እምቢ ይላል? ምላጩን አንሥቶ የጎኑን ገበር ፈታ። ለመጀመሪያ ጊዜ ውስጡን አየ። እኔም አንገቴን አስግጌ አየሁ። በጨርቁና በገበሩ መሃል፣ ማንም በማያየው ቦታ፣ በሺህ የሚቈጠር ጥቃቅን የእጅ ስፌት ተሰልፏል፤ አንዱ ከአንዱ አይበላለጥም። ዘማርያም ዓይኑን አጠበበ። ከኪሱ መነጽሩን አውጥቶ፣ በጠራራ ፀሐይ፣ ሰው ሁሉ እያየው አደረገው። ስፌቱን በጥፍሩ ተከተለ።

«አባ፣ ይህን እኔ አልሰፋሁትም።»

ጋዜጣዬ ከእጄ ወደቀ። ከጎናችን የነበሩት የስፌት መኪናዎች ቆሙ።

«እንግዲያ ማን ሰፋው?»

«አላውቀውም። ከጥሩነሽ ሸራ ላይ ነው የተገዛው። ግን አባ፣ ሰው በማይታይ ቦታ እንዲህ ይሰፋል?»

አባ ወልደ ሩፋኤል ጎንበስ ብለው አዩ፤ ዓይናቸው ግን ደክሟል። «አወቀ ያውቅ ነበር?»

«አልነገርኩትም።»

«እንግዲህ ያንን ለብቻችን እንነጋገራለን። አሁን ማጥበብ ትችላለህ ወይስ አትችልም? ብርዱ ገደለኝ።»

ዘማርያም መጀመሪያ «ዘ»ን በምላጭ ነቀላት። ከሥሯ ያ ያልደበዘዘው ጥቁር ገበር ብቅ አለ። ከዚያ ጠመኔውን አንሥቶ አባን ለካቸው።

ወሬው ከእሳቸው በፊት ሠፈሩን ዞረ። በቅዳሜው አራት ሰው ልባሹን ይዞ በረንዳው ላይ ተሰለፈ፤ «እኛ ድሮም እናውቅ ነበር» ይባባላል። ከመካከላቸው ያ ገበያ ላይ የኮቱን እጅጌ የሳበው የፍርድ ቤት ጸሐፊ ነበረ። ዘማርያም የሟች ነገር አላነሣም። የሰውየውን ኮት ተቀበለ፤ ልኩን ሳይጠይቅ መጀመሪያ ገለበጠው፤ መነጽሩን አስተካክሎ የውስጡን የተንጋደደ ስፌት አየና ጠረጴዛው ላይ ጣለው።

«ይሄንስ የሰፋው እንደ እኔ ያለ ነው» አለ።