የአባቴ ሻኛ

ማክሰኞ ጠዋት በአሥራ ሁለት ሰዓት ከአባቴ ጋር ከወልቂጤ ተነሳን። የምንሄደው አዲስ አበባ፣ ተክለ ሃይማኖት አካባቢ ወዳለ ክሊኒክ ነው። ቀኝ ክንዴ ላይ የባቄላ ፍሬ የምታህል እብጠት አለች። ስትነካ እስከ ጣቴ ድረስ ትነዝረኛለች፤ ሰሞኑን ደግሞ ብርጭቆ ከእጄ ይወድቃል። ካንሰር ይሆን ብዬ ፈርቻለሁ።

አባቴም ትከሻው ላይ አለችው፣ የእሱ ትልቅ ናት። መርካቶ ጆንያ ተሸክሞ ነው ያሳደገን። «የሸክም ናት» ይላል በኩራት። ዩኒቨርሲቲ ስገባ እብጠቷን መታ መታ አድርጎ «በዚህች ነው የተማርሽው» ብሎኛል።

አራት ሰዓት፣ መርካቶ

ከአውቶቡስ ወርደን ወደ ክሊኒኩ ስናልፍ የጭነት መኪና እህል ያራግፋል። የአባቴ የድሮ የሥራ ባልደረባ ጋሼ በድሩ ጆንያ ላይ ተቀምጠው ሳምቡሳ ይበላሉ።

«ሻኛው! አልሞትክም?»

«አንተን ሳልቀብር?»

ኩሊዎቹ ያወጡለት ስም ነው፤ እብጠቷ እንደ በሬ ሻኛ ስለጎላች። ጋሼ በድሩ በትከሻ ሰላም ሊሉኝ ሲጠጉ ክንዴን ሸሸግሁ።

«ትምህርቱ አኮራት!» ብለው ሳቁ። አፈርኩ።

ክሊኒኩ

ሐኪሟ ክንዴን ቀዝቃዛ ቅባት ቀብታ የአልትራሳውንዱን መሣሪያ አንሸራተተች። ስክሪኑ ላይ ነርቬ እንደ ክር ተዘርግቷል፤ መሐሉ ግን እንቁላል እንደዋጠ እባብ አብጧል። ከልጅነቴ ጀምሮ ቆዳዬ ላይ ያሉትን ቡናማ ምልክቶችም አየች።

«ከቤተሰብ እብጠት ያለበት አለ?»

እንዲህ ያለ እብጠትና ምልክት በዘር እንደሚመጣ አንብቤ ጠርጥሬ ነበር። ግን የአባቴን ኩራት እንዴት ልንካው?

«የእኔ እንኳ የሸክም ናት» አለ አጠገቤ የተቀመጠው አባቴ።

«እስቲ አባት፣ ሸሚዝዎን ያውልቁ።»

የእሱንም ትከሻ በመሣሪያው አየች። ያው ክር፣ ያው እንቁላል።

«በዘር የሚተላለፍ የነርቭ እብጠት ይመስላል» አለች። «የእሷ ለአሁኑ የሚያሰጋ መልክ የለውም። እጇ ስለደከመ ግን የነርቭ ቀዶ ሐኪም ይያት፤ እኛም በየስድስት ወሩ እንለካዋለን።»

አባቴ ሸሚዙን ሳይቆልፍ ወደ ሐኪሟ ዞረ። «እኔ ነኝ የሰጠኋት?»

«ባትሸከምም ይወጣብህ ነበር፣ አባባ» አልኩ። «የተሸከምከው ግን ለእኛ ነው።»

መልስ

ወደ አውቶቡስ ተራ ስናልፍ ጋሼ በድሩ ተጣሩ። «ሻኛው! ምን አሉህ?»

አባቴ ትከሻውን በእጁ ሸፈነ። እኔ ደግሞ ሰው ፊት አድርጌው የማላውቀውን አደረግሁ፤ እጅጌዬን ሰበሰብኩ።

«እኔም አለኝ፣ ጋሼ። ቅድም ክንዴን የሸሸግሁት ስለሚያመኝ ነው።»

ክንዴን አዩ፤ ከዚያ አባቴን።

«ታዲያ የሻኛው ልጅ ሻኛ ባይኖራት ነበር የሚገርመኝ!»

አባቴ ከክሊኒኩ ከወጣን ጀምሮ ለመጀመሪያ ጊዜ ሳቀ።

አመሻሽ ላይ ቤት ደረስን። ከበሽታው ይልቅ መናገሩን ስፈራ እንደኖርኩ የገባኝ መንገድ ላይ ነው። ታናሽ እህቴ ሰሚራ ልታቅፈኝ ሮጠች።

«ቀስ! በግራዋ በኩል» አለ አባቴ። ከዚያ ትከሻውን ዳበስ አደረገ። «ነይ ደግሞ ሰሚራ፣ ተቀመጪ፤ ስለዚህች ነገር የምነግርሽ አለ።»