«ባሌ ሞተች»

ኤርካሎ ሳምንቱን ሶዶ ገበያ የተማሪ ዩኒፎርም ሲሰፋ ይሰነብትና እሁድ ቸርች ያስተረጉማል። ሃያ ሁለት ዓመት ከሰባኪ ጎን ቆሞ አማርኛውን ወደ ወላይትኛ፣ ወላይትኛውን ወደ አማርኛ ሲያመላልስ ኖሯል። ልጅ የለው፣ ሚስቱ ከሞተች ቆየች። ያችን ማይክ ካልያዘ እሁድ ለእሱ ባዶ ቀን ናት።

አማርኛን ያስተማሩት ደንበኞቹ ናቸው። አንድ ነገር ግን አልገራለትም፤ ወንዱን «እሷ»፣ ሴቷን «እሱ» ይላል። የአገሩ ሰው ለምዶታል።

የዚያን እሁድ ከዩኒቨርሲቲ የመጡ እንግዶች የፊቱን ወንበር ሞልተውታል። ሰባኪው ወጣቱ መምህር ዶክተር ፍሬዘር ነው። ከስብከቱ በፊት ሚርያም የምትባል የሻንቶ ከተማ ሴት፣ ባሏን ከቀበረች ወር ያልሞላት፣ በወላይትኛ ልትመሰክር ወጣች። ኤርካሎ ወደ አማርኛ እየመለሰ ተቀበላት።

«ባሌ ሞተች። እስክትሞት ድረስ እጇን ይዤ ነበር።»

ፊት ያሉት ፍርስ ብለው ሳቁ። ሚርያም ክው አለች።

ፍሬዘር ማይኩን አነሳ። «ጋሼ ኤርካሎ፣ ወንድና ሴት እንዲህ ከተምታታብዎት፣ ሱሪና ቀሚስ እንዴት ነው የሚሰፉት?» ሳቁ ጋብ ሲል ዘወር አለ። «ምነው፣ ይተርጉሙት እንጂ! ከኋላ ያሉትም ይሳቁ።»

ኤርካሎ ወደ ኋለኞቹ ወንበሮች ተመለከተ። ስድቡን ወደ ምርቃት ቢለውጠው አማርኛ የማይሰሙት አዛውንቶች አያውቁበትም። ሚርያም ግን ዓይን ዓይኑን ታየዋለች። «ምን ብዬ ነው የሚስቁት?» አለችው በቋንቋቸው።

ቀልዱ ክፉ ነው፤ የመበለቷን ለቅሶ መሳቂያ ያደረገው ግን የእሱ አፍ ነው። ሱሪውንም ቀሚሱንም ሳያስቀር ተረጎመው። «የሳቁት በእኔ ነው፣ እህቴ። ቃልሽን አበላሽቻለሁ፤ ይቅር በይኝ» ብሎ ጨመረበት።

አሁን ከኋላ ያሉትም ሳቁ። ሚርያም አልሳቀችም፤ ይቅርም አላለችው። ነጠላዋን ሰብስባ ወርዳ ተቀመጠች።

ስብከቱ ተግሣጽን በትሕትና ስለ መቀበል ነበር። «ያ ሰው ድንጋይ እየወረወረ ሲራገም፣ ንጉሥ ሳኦል ዝም አለው!» አለ ፍሬዘር፣ በስሜት።

ዝም ያለው ዳዊት ነው። ኤርካሎ በአማርኛ ጮክ ብሎ ማረም ይችላል፤ ሳቁ ወደ ዶክተሩ ይዞር ነበር። እሱ ግን በወላይትኛው ቀስ ብሎ «ንጉሥ ዳዊት» ብሎ አሳለፈው።

ከፕሮግራሙ በኋላ የቸርቹ ሽማግሌ አቶ ደገፉ ቢሮ አስጠሩት።

«ዶክተሩ ሳኦል ሲሉ አንተ ዳዊት አልክ።»

«አዎ።»

«ዳዊት መሆኑ ለእኔም አይጠፋኝም። ግን አንተ ማን ነህና ነው እንግዳ የምታርመው? ስለ ሳቁብህ ብድር መመለስህ ነው። ትዕቢት ይባላል ይሄ!»

እንደኔ እንዳይሳቅበት ብዬ ነው፣ የሚል መልስ ምላሱ ላይ ደረሰ። ግን ወደ ልቡ አየ። «ዳዊት» ባለባት ቅጽበት አንዲት ጣፋጭ ነገር ውስጡ አልነበረችም? ነበረች። ትንሽ ናት፤ ግን ነበረች።

«አጥፍቻለሁ» አለ።

«እንግዲያው ማይኩን ለወጣቷ ለማኅሌት አስረክብ፤ ከእንግዲህ እሷ ታስተረጉም።»

በቀጣዩ እሁድ ኤርካሎ የኋላ አግዳሚ ላይ ተቀመጠ። ሚርያም ዘግይታ መጥታ አጠገቡ ቦታ አገኘች። ማኅሌት ፈጣን ናት፤ ቃሉን ትውጠዋለች። ሚርያም ጆሮዋን ብታቀና አልያዝላት አለ። በመጨረሻ ወደ ኤርካሎ ዘመም አለች።

«ምን አለ?»

ከዚያ ቀን ወዲህ ያናገረችው ይህን ብቻ ነው። ወደ ጆሮዋ ጎንበስ ብሎ ሁለት ቃል እንዳለ የቸርቹ አስተናጋጅ ትከሻውን ነካ አደረገና ጣቱን ከንፈሩ ላይ አሳረፈ።

ኤርካሎ ዝም አለ። ሚርያም ጥቂት ጠበቀችውና ፊቷን አዞረች።