የእህቴን ልጅ የለካሁ ጊዜ

ሰው ሁሉ በየፊናው ብልህ ነው ይባላል። አይደለም። አንዳንዱ ፈጣን ነው፣ አንዳንዱ ዘገምተኛ ነው፤ ልዩነቱንም በአንድ ክፍል ሰባ ልጅ ይዞ የዋለ መምህር ሁሉ ያውቀዋል። «በሒሳብ ባይሆንልህ በሌላ ይሆንልሃል» የሚለው ማጽናኛ የተፈጠረው ለልጆች ሳይሆን ለወላጆች ይመስለኛል።

ሥነ ልቦና ተምሬያለሁ፣ ለዓመታትም አስተምሬያለሁ። ብልህነት ምን እንደሆነ ሊቃውንቱ ራሳቸው አልተስማሙም። አንዱ ወገን ከችሎታዎች ሁሉ ሥር አንድ ጠቅላላ ችሎታ አለ፣ ቃል ማወቁም ቅርጽ ማገጣጠሙም ከዚያ ይቀዳል ይላል። ሌላው ወገን የለም፣ ችሎታዎች ብዙ ናቸው፣ እርስ በርስም አይተዋወቁም ይላል። እኔ ከመጀመሪያው ወገን ነበርኩ፤ አሁንም ብዙ አልራቅሁም። የሚከነክነኝ ሌላ ነው።

ታናሽ እህቴ ከሮቢት ወረድ ብሎ ባለ መንደር ትኖራለች። ባሏ ማሽላ ያርሳል፣ ከብት ያረባል። የመጀመሪያ ልጃቸው ያኔ አሥራ ሦስት ዓመቷ ነበር። ትምህርት ቤት አንዴ ሲዘጋ አንዴ ሲከፈት በከረመባቸው ዓመታት አምስተኛ ክፍልን ሁለት ጊዜ ወደቀች። አባቷ ዋጃ ላይ ሻይ ቤት ያላት እህቱ ዘንድ ሊልካት አስቧል። እህቴ ደግሞ አንድ ዓመት ይጨመርላት ትላለች። ሲጨቃጨቁ ከርመው ቆቦ እኔ ቤት መጡ።

«አያ፣ አንተ የተማርከው ለዚህ አይደል?» አለችኝ እህቴ። «ጭንቅላቷን እይልንና ቁርጡን ንገረን።»

ባሏም ቁርጡ ከታወቀ አልከራከርም አለ። እኔ ደግሞ ቁርጥ እንዲነግር የተጠየቀ የተማረ ሰው ምን ያህል እንደሚደሰት አውቃለሁ።

ከውጭ ቋንቋ ራሴ ወደ አማርኛ የመለስኩት የብልህነት መለኪያ ፈተና ነበረኝ። ከትርጉሙ ይልቅ ለአገሩ ማስማማቴ ያኮራኝ ነበር። ዋናው ፈተና ፖም የሞላበት ነው፤ የራያ ልጅ ደግሞ ፖም የት አይታ? ፖሙን አውጥቼ ከብት አስገባሁ። አንድ ሰው አሥራ አራት ላሞች ነበሩት፣ አምስቱን ሸጠ፣ ስንት ቀሩት? በሥዕሉ ላይ ባለው በረት ውስጥ ስንት ከብት አለ? ከጥያቄዎቹ ግማሽ ያህሉ እንዲህ ነበሩ። የሥራ ባልደረቦቼ አደነቁኝ። እኔም ራሴን አደነቅሁ።

ልጅቱ በማግስቱ ጠዋት ከእናትና ከአባቷ ጋር መጣች። ሻሿን አስተካክላ ፊት ለፊቴ ተቀመጠች። ቅርጾቹን አገጣጠመች፤ በተርታ የጠራሁላትን ቁጥሮች መልሳ ጠራች። ከብቶቹ ላይ ስንደርስ እጇን ከወረቀቱ አነሳች። ሥዕሉን አየች፣ እኔን አየች።

«ብዙ ናቸው» አለች።

ስንት ናቸው ብዬ ደገምኩላት።

«ይርባሉ፣ ኢንሻአላህ።»

ዜሮ ጻፍኩ። የሚቀጥለውም ዜሮ፣ ከዚያ የሚቀጥለውም። መመሪያው ተፈታኙን አታግዝ ይላል፤ እኔም መመሪያ አክባሪ ነኝ።

ውጤቱን እዚህ አልጽፈውም። ዝቅተኛ ነበር። ለእናትና ለአባቷ ስነግራቸው ልጅቱ በሩ ላይ ጎንበስ ብላ ጫማዋን ታጠልቅ ነበር፤ ሰምታለች። ቁጥሩ ከእኩዮቿ መካከል የት እንዳለች የሚጠቁም እንጂ የመጨረሻ ፍርድ አለመሆኑን አስረዳሁ። እንዲህ ያለውን ማስረዳት ከቁጥሩ በኋላ የሚሰማው የለም። አባቷ ያለ ምንም ክፋት አልሃምዱሊላህ፣ ተገላገልን አለ። በዚያው ሳምንት ዋጃ ወሰዳት።

ክረምቱ አልፎ ማሽላው ሲያሸት እነሱ ቤት ምሳ ተጠራሁ። እህቴ አኩርፋኛለች። ፈተናህ ተሳስቶ ቢሆንስ ስትለኝ ተናደድኩና ወረቀቱን ከቦርሳዬ አውጥቼ ጥያቄዎቹን አንድ በአንድ አነበብኩላት። ባሏ እጁን እየታጠበ ያዳምጣል። በረቱ ላይ ስደርስ ቀና አለ።

«የማንን ከብት ነው ያስቆጠርካት?»

የማንም አይደለም፣ ሥዕል ነው አልኩት።

«ሥዕልስ ቢሆን? የተቆጠረ ከብት በረካው ይነሳል ብለን አይደል ያሳደግናት? አንተስ የት ነው ያደግኸው፣ አዲስ አበባ?»

ያደግሁት እዚያው ነው። አባቴ ከብትህ ስንት ነው ሲሉት አላህ የሰጠን ያህል ነው ይል ነበር። አንዲት ጥጃ ብትጎድል ግን ሳይቆጥር ገና ከሩቅ ያውቃል። እኔ ራሴ አንድ ጊዜ ጣቴን እየቀሰርኩ መንጋ ስቆጥር ተገርፌያለሁ። ፖሙን በከብት ስተካ ይህ ግርፋት ትዝ አላለኝም። ለባህሉ ተጨንቄ የሠራሁት ማሻሻያ ልጅቱን ጣላት፤ ፖሙን ብተወው ኖሮ ፖም ባታውቅም ትቆጥረው ነበር።

ልጅቱን ከዋጃ እንዲመልሳት አባቷን ለመንኩት። ቁርጡን የነገርከኝ አንተ፣ አሁን ደግሞ ሌላ ቁርጥ ልታመጣ ነው ወይ አለኝ። በመጨረሻ እሷ ከፈለገች ትምጣ አለ።

ላሞቹን አውጥቼ ብርቱካን አስገባሁና በሚኒባስ ዋጃ ሄድኩ። ልጅቱ ብርጭቆ ይዛ በወንበሮቹ መካከል ትመላለሳለች።

«አጎቴ፣ እኔ እንደሆን ደንቆሮነቴ ታውቋል» አለችኝ። «ሻይ ትጠጣለህ?»

ጥፋቱ የጥያቄዎቹ እንጂ የእሷ እንዳልነበረ ነገርኳት። አዲሱን ወረቀት አሳየኋት፤ አንዴ ብቻ እንሞክር አልኳት። እጇን በሽርጧ ጠረገችና ወረቀቱን ሳትነካው አየችው።

«አሁንም ብወድቅስ?»

አትወድቂም ልላት አልችልም፤ አላውቅማ። ሻዩን ጠጣሁ። እሷም አንድ ሚኒባስ ሙሉ ተሳፋሪ ያዘዘውን በቃሏ ይዛ ለየባለቤቱ አደረሰች። እዚህ ላይ ለካ ብልህ ነበረች እንድል ትጠብቅ ይሆናል። አልልም። ሻይ ቤት የሠራ ሁሉ ይህን ይለምደዋል። አዲሱን ወረቀት ሳትሞክረው ይዤ ብቻዬን ተመለስኩ። ልጅቱ ፈጣን ትሁን ዘገምተኛ እስከ ዛሬ አላወቅሁም፣ ከእንግዲህም የማውቅ አይመስለኝም።

ዘግይቶ የገባኝ ይህ ነው። እህቴ የጠየቀችኝ አንድ ዓመት ይጨመርላት ወይስ አይጨመርላት ብላ ነበር። እኔ የመለስኩት ምን ያህል ብልህ ናት የሚለውን ነው። ዘገምተኛ ብትሆን እንኳ ያ ዓመት ይገባት ነበር፤ እንዲያውም ይበልጥ ይገባት ነበር። ይህን ለማለት ፈተና አያስፈልግም ነበር፣ አጎት መሆን ይበቃ ነበር።

አሁን ቆቦ ውስጥ ጭንቅላት የሚለካ ሰው አለ ተብሎ ተወርቷል። ወላጆች ልጆቻቸውን በባጃጅ እየጫኑ ደጄ ይመጣሉ፤ ልጆቹም የሚሰሙበት ቦታ ላይ ቆመው ይህኛው ይረባል ወይ ይሉኛል። አንተም ይህን አንብበህ ልጅህን ይዘህ ልትመጣ አስበህ ከሆነ፣ አትምጣ። ትምህርት ቤት መልሳት።