ጀርባ የማይሰጡት ሽማግሌ

አቃቂ ባቡር ጣቢያ ቆሎ የምትሸጠው የሺሐረግ ለእንግዳው ሽማግሌ የፈራችላቸው ገና ወደ ማረፊያው ክፍል ሲገቡ ነው። ካፖርታቸው የተጣጣፈ የዘበኛ ካፖርት ነው፤ ጫማቸው ግን እንደ መስተዋት ያበራል። አግዳሚውን በመሐረብ ጠርገው ሲያበቁ ሳይቀመጡበት አጠገቡ ቆሙ።

"አባቴ፣ አረፍ ይበሉ እንጂ።"

"መቆም ለምጄ ነው፣ ልጄ" አሉ፤ አጠገባቸው የተኛ ሰው ያለ ይመስል በለሆሳስ።

ንጉሡ ከዙፋን ከወረዱ ወዲህ የቤተ መንግሥት ሰው በየባቡሩ ይፈለጋል። በሩ ላይ የቆመው ወታደርም ወጪ ወራጁን በዓይኑ ይመዝናል። የንጉሡን ፎቶግራፍ ከክፍሉ ግድግዳ ያወረደው እሱ ነው። አሁን የቀረው ፎቶግራፉ ሸፍኖት የኖረ፣ ቀለሙ ያልደበዘዘ ባዶ ቦታ ብቻ ነው።

ባቡሩ ጮኸ። ሰዉ ሁሉ ወደ በሩ ሲጋፋ ሽማግሌው ወደዚያ ባዶ ቦታ ዞሩና ዝቅ ብለው እጅ ነሱ። ከዚያም ጀርባቸውን ሳይሰጡት የኋሊት መራመድ ጀመሩ፤ ቀጥታ ወደ ወታደሩ።

የሺሐረግ ክው አለች። "አባቴ፣ ይዙሩ! ስለ እመብርሃን ይዙሩ!"

"እግሬ ነው፣ ልጄ። እግሬ እምቢ አለኝ።"

ጀርባቸው ከወታደሩ ደረት ጋር ተላተመ። ወታደሩ አልጮኸባቸውም፤ ትከሻቸውን በቀስታ ይዞ፣ እንደ ልጅ ለስለስ ባለ ድምፅ ጠየቃቸው።

"አባባ፣ ቤተ መንግሥት ሥራዎ ምን ነበር?"

"በር ከፋች" አሉ ሽማግሌው። አሁንም አልዞሩም።