የማቀዝቀዣውን በር የያዘው እጅ

ከዚህ በታች የምጽፈው እንዳስታወስኩት ነው፤ እንደሆነው ነው ብዬ አልምልም። ኮምፒውተሮቹ ሦስት ነበሩ ወይስ አራት፣ በዚያ ሳምንት ጉም ነበረ ወይስ ጉሙን እኔ ጨመርኩት፣ አላውቅም። በተለይ አንድ ምስል አለ፤ በበዓሉ ዋዜማ የማቀዝቀዣውን በር ከፍቶ የያዘውን ሰው የሚያሳየኝ። ለብዙ ዓመታት ያንን ምስል ስጠራጠረው ኖሬአለሁ፤ ትውስታ አንዳንዴ ከእውነቱ ይልቅ ለታሪኩ ማማር ያደላልና።

የኤርትራ ነጻነት ከመጣ ጥቂት ዓመታት አልፈው ነበር። አዲስ አበባ ላይ የሥራ አመራር ተምሬ፣ በልጅነቴ ወደተለየኋት አስመራ ተመለስኩና ከሓዝሓዝ ፌርማታ ብዙ በማይርቅ የመድኃኒት መጋዘን ሥራ አገኘሁ። መጋዘኑ ከካርድ ወደ ኮምፒውተር የሚሻገርበትን ፕሮጀክት የጊዜ ሰሌዳ መከታተል ነበር ሥራዬ። እዚያ ማዶ፣ ኢትዮጵያ፣ ያደግነውን «አምቼ» ይሉን ነበር፤ በሰው አገር የተገጣጠመች ማኪና ማለታቸው ነው። በቢሮው የሚነገረው ትግርኛ ነው፤ እዚህ ወደ አማርኛ የመለስኩት እኔ ነኝ።

ከእኔ ጋር አማርኛ የሚናገሩት የመጋዘኑ ኃላፊ ብቻ ነበሩ። ሁላችንም «አቦይ»፣ አባባ፣ እንላቸዋለን። በጃንሆይ ዘመን ትምህርት ቤት የተማሩትን አማርኛ፣ «ሐ»ን ከጉሮሯቸው ጥልቅ እያወጡ፣ ቀስ ብለው ይናገሩታል። ማይ ተመናይ ውስጥ ከአንዲት ልጃቸው ጋር ይኖሩ ነበር። ልጅቱ ከሕፃንነቷ ጀምሮ የስኳር ሕመም ነበረባትና ያለ ኢንሱሊን መዋል አትችልም። ኢንሱሊኑን የምትወስደው እንደማንኛውም ታካሚ ከሆስፒታል ነው፤ ሆስፒታሉ ደግሞ ከእኛ መጋዘን። የማቀዝቀዣዎቹ ቁልፍ ያለው አባቷ ኪስ ውስጥ ነበር። አንዲት ብልቃጥ እንኳ ወደ ቤት ይዘው እንዳልሄዱ ሁሉም ያውቃል፤ ይህን ለማመስገን ማንም አይነሳም፣ በዚያ ዘመን እንዲህ መሆን እንደ መተንፈስ ይቆጠር ነበርና።

የመጋዘን አሠራር የሚያስተምረን ባለሙያ የመጣው በዚያ ሰሞን ነው። አውሮፓ በስደት የኖረ የአገር ልጅ፣ ሹራቡን ትከሻው ላይ ያሰረ፣ በዚያን ጊዜ በነጋዴው ዓለም ሁሉ የሚወራውን አዲስ ትምህርት ይዞልን መጣ። እንዲህም አለን፦ አንድ የመኪና ፋብሪካ አለ፤ ሠራተኛው እጁን ሲዘረጋ ብሎኑ በዚያው ቅጽበት ይደርስለታል፤ ቀድሞ አይመጣም፣ አይዘገይም። መጋዘን ውስጥ የተኛ ዕቃ ሁሉ የሞተ ሀብት ነው። «ልክ በሰዓቱ» ብሎ ጥቁር ሰሌዳው ላይ ጻፈና አሰመረበት።

ከኋላዬ የተቀመጡት አቦይ ዝቅ ባለ ድምፅ፣ «ፋብሪካውና ብሎኑ ጎረቤት ናቸው መሰለኝ» አሉኝ።

የፕሮጀክቱ መሪያችን ግን ዐይኗ በራ። በሜዳ፣ በትጥቅ ትግሉ ዘመን፣ የአንድ የመድኃኒት ክፍል ኃላፊ የነበረች ታጋይ ናት። እዚያ ዕቃውን አንድ ቦታ ያከማቸ ክፍል የአውሮፕላን ዒላማ ይሆናል፤ ጥቂት ይዞ የሚንቀሳቀስ ይተርፋል። «ይህ ሰው የሚነግረን እኛ በዋሻ ውስጥ ስናደርገው የኖርነውን ነው» አለች። ስህተቱ ከዚህ ይጀምር ይሆናል፤ ያን ጊዜ ግን ስህተት አይመስልም ነበር። የእሷ ልምድና የዓለም ፋሽን ባልታሰበ ሁኔታ ተገናኝተው እጅ ለእጅ ተያያዙ፤ ሁለቱን ማን ሊያላቅቅ ይችላል?

ለእያንዳንዱ መድኃኒት መያዝ የሚገባው ትንሹ መጠን ወደ ኮምፒውተሩ ገባ። ለፋሻውም፣ በበረዶ ሣጥን ከባሕር ማዶ በአውሮፕላን ለሚመጣው ኢንሱሊንም አንድ ሕግ ሆነ፦ ሊያልቅ ሲል እዘዝ። መደርደሪያዎቹ ከሳምንት ሳምንት እየሳሱ ሄዱ። መሳሳታቸው የሥራው ስኬት ተብሎ በየስብሰባው ይነገር ነበር። አንድ ቀን በመጋዘኑ ውስጥ ስንነጋገር ድምፃችን ሲያስተጋባ ሰማሁ፤ ከዚያ በፊት ካርቶኑ ይውጠው ነበር።

በመጨረሻም ከሁለቱ ማቀዝቀዣዎች አንዱ ትርፍ ሆኖ ተገኘ። የነጻነት በዓል እየቀረበ ስለነበር ለሠራተኞች ክበብ ተሰጠ፤ ቢራና ለስላሳ እንዲያቀዘቅዝ። አራት ሰዎች ተሸክመው ሲያወጡት አቦይ በሩን ይዘው አሳለፏቸው።

«ደስ የሚል ጉዞ ነው» አለ ከተሸካሚዎቹ አንዱ፣ «ከታማሚ ወደ ጠጪ።»

«ጠጪው ነገ ታማሚ ነው፤ ያኔ ትመልሱታላችሁ» አሉ አቦይ። ሁሉም ሳቁ።

የዚያኑ ዕለት ግቢው ውስጥ ካለው ዛፍ ሥር ሻሂ ይዘን ተቀመጥን። ያሉኝ ቃል በቃል ትዝ ይለኛል ብዬ አስባለሁ።

«ወደይ» አሉ፣ ልጄ ማለታቸው ነው፤ «ክረምት ሲገባ አውሮፕላኑ ይዘገያል። አንዳንዴም ሣጥኑ መሸጋገሪያው አውሮፕላን ማረፊያ ላይ ይረሳና ፀሐይ ይመታዋል። ሁለተኛው ማቀዝቀዣ ለዚያ ነበር።»

«ታዲያ ለመሪያችን ለምን አይነግሯትም?»

«እኔ?» ብርጭቆውን መሬት ላይ አስቀመጡ። «እኔ ከተናገርኩ ለልጄ ብዬ ነው የሚመስለው። በዚህች ከተማ ለትግሉ ሦስት ልጅ ሰጥቶ ዝም ያለ ቤት አለ። እኔ ስለ አንዲት ልጅ ኢንሱሊን ተነስቼ ልናገር?»

«እንግዲያው እኔ ልናገር።»

«ተናገር። የልጄን ነገር ግን እንዳታነሳ። ከአፍህ ከወጣ ቁልፉን አስረክቤ እሄዳለሁ።»

በኋለኛው ዘመን ፕሮጀክት ስለ መምራት ለሌሎች ማስተማር ስጀምር፣ ስጋትን ስለ መለየት የተጻፉ ብዙ መመሪያዎች እጄ ገብተዋል። ሁሉም «የሚመለከታቸውን ጠይቁ» ይላሉ። እጅግ የሚመለከተው ሰው፣ በትክክል እጅግ ስለሚመለከተው፣ አፉን የሚይዝበት አገር እንዳለ ግን አንዱም አይናገርም።

ከበዓሉ በፊት የመጨረሻው ስብሰባ ተደረገ። ከሜዳ የመጣ ልማድ ነበረን፦ መሪዋ በተራ ታያለች፣ እያንዳንዱ ይነሳና «ድሉው እየ»፣ ዝግጁ ነኝ ይላል። ጥያቄው ሥራው ዝግጁ መሆኑን አይመለከትም፤ የሚጠየቀው ሰውየው ራሱ ነው። ስለዚህ አልተዘጋጀሁም ማለት ፈርቻለሁ ከማለት አይለይም።

ተራዬ ሲደርስ ክረምቱ እስኪወጣ ሁለተኛው ማቀዝቀዣ ይመለስ፣ የኢንሱሊኑም መጠን እንደ ድሮው ይቆይ አልኩ።

«ምክንያት?» አለች።

«አውሮፕላን ሊዘገይ ይችላል።»

«አምቼ እኮ ናት» አለ አንዱ ከጥግ፣ «ፍሬኗ ጠንካራ፣ ሞተሯ ደካማ።»

ሳቅ ሆነ፤ እሷም ፈገግ አለች። «ሁለት እግር አለኝ ተብሎ ሁለት ዛፍ አይወጣም» የሚለውን የሚመስል የትግርኛ ተረት ጠቀሰችና አለፈችኝ። ቀጥሎ አቦይ ተነሱ።

«ድሉው እየ» አሉና ተቀመጡ።

በበዓሉ ዋዜማ እንግዶች መጡ። ኮምፒውተሮቹ ታዩ፣ ንግግር ተደረገ። ከዚያ መሪያችን እንግዶቹን ወደ ማቀዝቀዣው ወሰደቻቸው፤ በሩ ተከፈተ። ላይኛው መደርደሪያ ላይ አንድ ረድፍ ብልቃጥ አለ፤ ከዚያ በታች ነጭ ባዶ ነው። «ድሮ ይህ ጢም ብሎ ይሞላ ነበር» አለች በኩራት። ሰው አጨበጨበ፤ ፎቶግራፍ ተነሳን። በእኔ ትውስታ በሩን የያዙት አቦይ ናቸው። እዚህ ላይ ነው ራሴን የማላምነው።

ክረምቱ ገባ። ኮምፒውተሩ በታዘዘው መሠረት፣ ሊያልቅ ሲል አዘዘ። አውሮፕላኑ ዘገየ። አቦይ በየጠዋቱ ወደ ጠረጴዛዬ ይመጡና፣ «ምን ይላል?» ይሉኛል። «በመንገድ ላይ ይላል» እላለሁ። «መንገዱ ረዘመ» ብለው ይሄዳሉ። አንድ ጠዋት ጥያቄው ቀረ፤ «ሆስፒታሉ ከእንግዲህ ግማሽ ግማሽ ነው የምንሰጠው አለ» አሉኝ። ስለ ልጃቸው አንዲት ቃል አልጨመሩም።

ሣጥኑ በመጨረሻ ደረሰ። ጓደኞቼ ከማኪናው ሲያወርዱት የደስታ ድምፅ ነበር። አቦይ መዳፋቸውን ካርቶኑ ላይ አሳረፉ፤ እናት የልጇን ግንባር እንደምትዳስስ ነበር የዳሰሱት። ከዚያ እጃቸውን አነሱ።

«ሞቋል» አሉ። «ይህ ከእንግዲህ ውኃ ነው።»

በማግሥቱ ሥራ አልገቡም። ከዚያ በፊት ቀርተው ስለማያውቁ መሪያችን ጠየቀችኝ። ቃሌን ያፈረስኩት ያን ጊዜ ነው፤ የልጅቱን ነገር ነገርኳት። የማኪና ቁልፏን አንስታ ወጣች፤ ተከትያት ማኪናው ውስጥ ገባሁ። ሆስፒታሉ ኮሪደር ላይ አቦይ ግድግዳውን ተደግፈው ቆመዋል። ልጅቱ ራሷን ስታለች።

«አቦይ፣ ለምን አልነገሩኝም?» አለች መሪያችን።

«ጓለይ፣ ልጄ፣ አንቺ ስለ ማን ብለሽ ነበር ሜዳ የወረድሽው? ስለ አንድ ሰው ነበር?»

ለበላይ አካል ደውላ ፕሮጀክቱ መድኃኒት አሳጥቶናል ማለት፣ ከጭብጨባው ሁለት ወር ሳይሞላ፣ ምን እንደሚያስከትልባት ታውቅ ነበር። ከኮሪደሩ ስልክ ደወለች፣ የሆነውን አንድም ሳትቀንስ ተናገረች፤ መልሱን ግን አልጠበቀችም። በከረን መንገድ የካቶሊክ ደናግል የሚያስተዳድሩት ክሊኒክ አለ፤ አዲሱን አሠራር አልቀበልም ብሎ የተወቀሰ። በዚያ ጠመዝማዛ ቁልቁለት እንዴት እንደነዳች ባላስታውሰው እመርጣለሁ። አንዲት አዛውንት መነኩሴ ሙሉ ማቀዝቀዣ ከፍተው የሚያስፈልገንን በበረዶ ሰጡን። «እናንተ ስትቀንሱ እኔ ፈራሁና ጨመርኩ» አሉ።

ልጅቱ ተረፈች። መሪያችን ከአንድ ወር በኋላ ወደ ሌላ ሥራ ተዛወረች፤ ምክንያቱ አልተነገረም። አሠራሩ ግን ቀጠለ፤ እንዲያውም ወደ ሌሎች መጋዘኖች ተሸጋገረ። ማቀዝቀዣው ከክበቡ አልተመለሰም። የማይለቀኝ ሌላ ነገር ነው። የዚህችኛዋ አባት መጋዘን ውስጥ ስለነበሩ አወቅናት። በቆላው፣ አባቱ ካርቶን የማይዳስስለት ማን እንደነበረ፣ በእነዚያ ሳምንታት በየክሊኒኩ በር ቆሞ «በመንገድ ላይ ነው» የተባለው ስንት ሰው እንደሆነ አላውቅም። የጠየቀም አልነበረም።

ከብዙ ዓመት በኋላ፣ አቦይ ካረፉ ወዲያ፣ ማይ ተመናይ ያለውን ቤታቸውን አንኳኳሁ። በሩን የከፈተችልኝ ልጃቸው ናት፤ ጸጉሯ መሸበት ጀምሯል። ምን ፈልጌ እንደመጣሁ ስነግራት ከጓዳ አንድ ፎቶግራፍ አመጣች። መሪያችን መሐል ላይ ትስቃለች፤ እንግዶቹ ያጨበጭባሉ፤ እኔ ከዳር አለሁ፣ ፈገግ ብያለሁ። ማቀዝቀዣው ክፍት ነው፤ ከላይ አንድ ረድፍ፣ ከታች ባዶ። አቦይ ወደ ካሜራው አልተመለከቱም፤ ወደ መደርደሪያው ነው የሚያዩት። በሩን ከፍቶ የያዘው እጅ የእሳቸው ነው።