ነጭ ጨርቅ የለበሰው ጀሪካን

የሚካኤል ጽዋ እኛ ቤት ነበር። ወንድሜ ተረኛ ስለነበር ከማኅበሩ ተቀብሎ፣ በነጭ ጨርቅ እንደተሸፈነ መደርደሪያ ላይ አስቀምጦታል። ወሩ በገባ በአሥራ ሁለት ሊያበላ፣ ሊያጠጣ። ከዚያ ጦርነቱ ደሴ ደረሰ። ወንድሜ ሾፌር ነበር፤ ከደሴ ኮምቦልቻ ሚኒባስ ይነዳል። እናቴንና እኔን በእግር ወደ ገራዶ ላከን። "እደርስባችኋለሁ" አለ። አልደረሰብንም። አስከሬኑ ወደ ኮምቦልቻ በሚወርደው ጠመዝማዛ፣ ሐረጎ ላይ፣ ከመንገዱ ዳር ተገኘ።

ስንመለስ ቤቱ ባዶ ነው። ድስት የለም፣ ፍራሽ የለም፣ የበሩ እጀታ እንኳ ተነቅሏል። እናቴ ባዶውን መደርደሪያ እያየች "ጽዋውስ?" አለች። ስለ ሌላው አልጠየቀችም። ጎረቤታችን በአጥሩ በኩል መጡ። ሙስሊም ናቸው፤ እኔን ከእናቴ እኩል ያሳደጉኝ እሳቸው ናቸው። በሻሻቸው የጠቀለሉት ነገር ነበር።

"እንኩ አደራችሁን። ከመደርደሪያው አንስቼ ዱቄት ውስጥ ቀብሬው ከረምኩ። ወላሂ፣ ዱቄቱን ሲዘግኑ እንኳ አላገኙትም!"

እናቴ አለቀሰች። ከዚያ ጽዋው አፍ ላይ የተጋገረውን ዱቄት አይታ ሳቀች።

ማኅበሩ እንደገና ሲሰበሰብ የወንድሜ ቦታ ለእኔ ተሰጠኝ። እኛ ጋ ሰው ሲሞት ልጁ ወይም ወንድሙ በእግሩ ይተካል፤ ተራውንም ይወርሳል። ደስ አለኝ። ያቺ ተራ ከወንድሜ የቀረችኝ ነገር ነበረች። ግን ሕግ አለ። የተቀየመ ሰው ከጽዋው አይቀምስም። አዘጋጁ ራሱ ቂም ከያዘ ደግሞ ጽዋው ከቤቱ ወጥቶ ወደሚቀጥለው ተረኛ ያልፋል። እኔ ቂም ይዤ ነበር። የያዝኩትም በሚቀጥለው ተረኛ ላይ ነው።

በባለ ወፍጮው ላይ። ጦርነቱ በደረሰበት ቀን እናቱ ኮምቦልቻ ነበሩ። ወንድሜን "እናቴን አምጣልኝ" ብሎ ለመነው፤ ወንድሜም ወረደ። እናቱ ዛሬ በሕይወት አሉ። ወንድሜ የለም። የማውቀው ይህን ብቻ ነበር። ባለ ወፍጮው ወደ እኔ ሲመጣ መንገድ እሻገራለሁ። እህላችንን እንኳ ሩቅ ወፍጮ ቤት ተሸክሜ እሄዳለሁ። ከቤተ ክርስቲያን አልቀርም፣ እጾማለሁ። አባታችን ሆይ ስል ግን፣ ስለ ይቅርታ የሚለው ጋ ስደርስ ድምፄ ይጠፋል።

የማኅበሩ መሪ፣ ሙሴ የምንላቸው ሽማግሌ፣ ቤት መጡ።

"ልጄ፣ በአሥራ ሁለት እጠይቅሃለሁ። በሰው ሁሉ ፊት።"

"እሱ ባይመጣስ?"

"እሱማ ይመጣል። የጠፋኸው አንተ ነህ።"

ዝግጅቱ ግን ደስ ይል ነበር። እናቴ ጠላ ጠመቀች። ጎረቤታችን ለሙስሊም እንግዶች ቀሪቦ አዘጋጁ፤ የማያሰክር ነው እንጂ መልኩ ከጠላ አይለይም። ዕቃችን ስለተዘረፈ ሁለቱም ከእሳቸው በተዋስናቸው ቢጫ ጀሪካኖች ተሞሉ። "እንዳይምታታ ምልክት አድርጌበታለሁ፣ አብሽር!" አሉኝ ከግቢ ሆነው። ዳቦ ተሸክሜ ስለነበር የትኛው ላይ ብዬ አልጠየቅኩም። ስገባ አንደኛው ጀሪካን ነጭ ጨርቅ ለብሷል። ጽዋው ሁልጊዜ ነጭ ጨርቅ ይለብሳል። እንግዲህ የለበሰው የሚካኤል ነው አልኩና ሊባርኩ ቀድመው በመጡት ቄሳችን፣ በአባ ፊት አስቀመጥኩት።

ሰዉ መጣ። ባለ ወፍጮውም መጣ፤ በሩ አጠገብ፣ ጫማ የሚወልቅበት ጋ ተቀመጠ። አባ ጸልየው ዳቦውንና ጀሪካኑን ባረኩ። ጽዋው ተሞላ። ሙሴው ተነሡ።

"ቂም የያዘ አለ?"

"በእኔ በኩል የለም" አለ ባለ ወፍጮው፣ መሬት መሬቱን እያየ።

ሁሉም ወደ እኔ ዞረ። ፊቴን ከባለ ወፍጮው ወደ ግድግዳው አዞርኩ። ሙሴው ቀስ ብለው እጃቸውን ወደ ጽዋው ዘረጉ። ከቤታችን ሊያወጡት እንደሆነ ገባኝ። እናቴ ነጠላዋን ወደ አፏ ሰበሰበች።

ያኔ ከግቢው ጩኸት ተሰማ።

"ያ ረቢ! ይሄ ገሾ ገሾ ይላል! ኧረ የእናንተ እኛ ጋ ነው!"

ጎረቤታችን በሩ ላይ ቆሙ፤ ከኋላቸው እንግዶቹ ባዶ ብርጭቆ ይዘው። ሽታው ቀድሞ ስለነገራቸው አንዳቸውም አልቀመሱም። እሳቸው አባ ፊት ያለውን ጀሪካን ሲያዩ ጭንቅላታቸውን ያዙ።

"ጨርቅ ያለበስኩት የራሴን ነው'ኮ!"

"እኔ ደግሞ የሚካኤል መስሎኝ..." አልኩ።

አባ ጽዋውን አሸተቱ። "ቀሪቦ ነው የባረክሁት?"

"ታዲያ ይመለስ?" አሉ ሙሴው።

"ምን ይመለሳል! የተባረከ ተባረከ። ሚካኤል ዛሬ ከጎረቤት ጋር ልጠጣ ብሏል።"

"ጠላውን ብቻ እንዳትደፉት!" አለ አንድ ሰው ከጥግ። ቤቱ በሳቅ ተናጋ።

ከሁሉ በላይ የሳቀው ባለ ወፍጮው ነበር። እየሳቀ እንባው ወረደ። "ወንድምህ ይህን ቢያይ ዓመቱን ሙሉ ለተሳፋሪ ሲያወራው ነበር የሚከርመው" አለኝ። ከቀብሩ ወዲህ ስለ ወንድሜ እየሳቀ ያወራ ሰው ቤታችን ገብቶ አያውቅም። ሳላስበው ከአፌ አመለጠኝ።

"ለምን ላክኸው ጋሼ?"

ባለ ወፍጮው እንባውን ጠረገ።

"ላክሁት። እናቴን ይዞልኝ መጣ፤ እዚሁ ደጃፍህ ላይ አወረዳት። መልሶ ሊወርድ ሲል ቁልፉን ነጥቄ ኪሴ ከተትኩት። 'ይበቃል፣ ወደ ቤተሰብህ ሂድ' አልኩት። እየሳቀ ኪሴ ገብቶ ወሰደው። 'ኮምቦልቻ መናኸሪያ አንዲት አራስ አለች፤ እመለሳለሁ ብያታለሁ' አለኝ። እሷንም አመጣት። ልጇ አሁን ቆሞ ይሄዳል። ከዚያ ሌሎች አሉ ብሎ እንደገና ወረደ። ይህን ልነግርህ ስመጣ ነው መንገድ የምትሻገረው።"

ቁልፍ ከሰው ኪስ እየሳቀ መውሰድ። እሱ ነው። በቃ፣ እሱ ነው። በመጨረሻው ጉዞ ማንም አልላከውም። በሩ ላይ ቆሞ ቁልፉን ሲያቃጭል የታየኝ መሰለኝ።

"ቂም የለም" አልኩ።

ሙሴው እጃቸውን ጆሯቸው ላይ አደረጉ። "ምን አልክ?"

"የለም! ቂም የለም!"

እናቴ እልል አለች፤ ጎረቤታችን ከበሩ ተቀበሏት።

በዚያ ቀን ሁላችንም ከአንድ ጀሪካን ጠጣን፤ እኛ በጽዋው፣ እነሱ በብርጭቋቸው። ጠላውም በኋላ ተራው ደረሰ። አልተደፋም።

ጽዋውን በጨርቁ ሸፍኜ ለባለ ወፍጮው አስረከብኩና እስከ ቤቱ አብሬው ሄድኩ። እናቱ በር ላይ ጠበቁን። አገላብጠው ሳሙኝና "ኮምቦልቻ እህቴን ልጠይቅ ነው፤ የምትወስደኝ አንተ ነህ" አሉኝ። ወንድሜ ከሞተ ወዲህ ሐረጎን ወርጄ አላውቅም ነበር። በሳምንቱ ወረድን። እሳቸው ከፊት ተቀምጠው በየጠመዝማዛው ሾፌሩን ይቆጣሉ። "ቀስ በል አንተ! የዚህ ልጅ ወንድምም እንዳንተው ነበር የሚበረው፤ እሱ ግን ያስቀኝ ነበር!" እኔ ከኋላ ሆኜ እስከ ኮምቦልቻ ሳቅሁ።