«ጋሪ አይደለም፣ አውሮፕላን ነው»

ነገሩ ከሆነ ሰባት ዓመት አልፎታል። ንዴቱ ግን እስከ ዛሬ አልበረደልኝም። ከአፌ የወጣው ቃል በሌላ ሰው አፍ ገብቶ ሌላ ሆኖ ሲወጣ በዓይኔ አይቻለሁና አልረሳውም።

ስዊዘርላንድ የመጣነው ከዘጠና ሰባቱ ምርጫ በኋላ ነው። ልጄ ቤዛ ያኔ የስምንት ዓመት ልጅ ነበረች። የምንኖረው ዙሪክ አጠገብ፣ ዲቤንዶርፍ ነው። እኔ አረጋውያን በሚጦሩበት ቤት ልብስ አጥባለሁ። ትምህርቴ አራተኛ ክፍል ላይ ቀርቷል። ቤዛ ግን የአውሮፕላን ጥገና እየሠራች ተማረች።

ሙያውን ልትጨርስ ስትል አንድ የእርዳታ ድርጅት ለሦስት ወር ረዳት መካኒክ አድርጎ ሊወስዳት ፈለገ። በትንሽ አውሮፕላን፣ ክረምት መንገድ ወደሚቆርጥባቸው የአገራችን ቆላ ቦታዎች መድኃኒት ሊያደርሱ ነው። ማረፊያው ሜዳ ነው፤ አስፋልት የለም። እሷም አብራ ትበራለች። እሷ በደስታ እንቅልፍ አጣች፤ እኔ በፍርሃት።

ከመሄዳቸው በፊት የተጓዦች ቤተሰቦች ጄኔቫ፣ ግራንድ ሳኮኔ የሚባል ሰፈር አንድ አዳራሽ ተጠራን። ቅዳሜ ከሰዓት ነበር። የሚነገረው በፈረንሳይኛ ስለሆነ አቶ ይልማ የሚባሉ ያገራችን ሰው ሊተረጉሙልኝ መጡ። ጄኔቫ ሠላሳ ዓመት የኖሩ፣ ከትልቅ መሥሪያ ቤት በጡረታ የወጡ፣ ከረባታቸው የማትላላ ሰው ናቸው።

ጠረጴዛው ላይ ለአውሮፕላኑ የቀረቡ ሁለት ጎማዎች ተቀምጠዋል። አንዱ ትንሽ ነው፤ ቸርኬው ያብረቀርቃል፣ ከላዩ ጭቃ የሚከላከል ነጭ ፓራፋንጎ እንደ ባርኔጣ ተደፍቶበታል። ሌላው ወፍራም፣ ጥርስ የሌለው፣ የተነፋ የአህያ ሆድ የመሰለ ነው። ፓራፋንጎም የለውም።

«ትልቁ አየሩ ትንሽ ነው፣ እማ» አለችኝ ቤዛ። «መሬት ሲነካ ይተኛል፣ አይሰምጥም። ግን ከባድ ነው። አውሮፕላኑን ቀስ ያደርገዋል፣ የሚጭነውም ይቀንሳል።»

የድርጅቱ ኃላፊ ትንሹን መርጠዋል። ሽበታሙ አብራሪ ገና አልወሰነም። ኃላፊው የማረፊያውን ፎቶ ግድግዳው ላይ አሳዩ። ጥቁር መሬት ነው፤ ጡጫ በሚያስገባ ስንጥቅ ተሰነጣጥቋል። አቶ ይልማ «መሬቱ ደረቅና ጠንካራ ነው ይላሉ» ብለው ተረጎሙልኝ።

ፎቶው በበጋ የተነሳ ነው፤ እነሱ የሚሄዱት ግን በክረምት ነው። በበጋ እንዲያ የሚሰነጠቅ መሬት መረሬ ነው፤ ክረምት ሲገባ ሙጫ ይሆናል። እኔ መረሬ ላይ ነው ያደግሁት። ትምህርት ቤት ስንሄድ እያንዳንዷ እግራችን አፈር እየጨመረች ትከብድ ነበር።

አባቴ ባለጋሪ ነበር። ዝናብ ሲጀምር የመጀመሪያ ሥራው የጋሪውን ፓራፋንጎ መፍታት ነው። ጭቃው በጎማውና በፓራፋንጎው መሃል ይገባና ይጠቀጠቃል፤ ከዚያ ጎማው ቀጥ ይላል። አንድ ዓመት ሳይፈታው ቀረ። ጋሪው እየሮጠ ጎማው ቆመ፤ ተገለበጠ፤ ታላቅ ወንድሜ ታደሰ ከሥሩ ገባ። እስከ ዛሬ ያነክሳል።

እጄን አወጣሁ። በሕይወቴ ስብሰባ ላይ እጄን ሳወጣ ያ የመጀመሪያዬ ነው። ይህንን ሁሉ ተናገርኩ።

አቶ ይልማ ጎንበስ ብለው፣ «እህቴ፣ ይሄ ጋሪ አይደለም፤ አውሮፕላን ነው» አሉኝ በዝግታ።

«አውቃለሁ። ብቻ ይንገሩልኝ።»

ተነሱ። ሁለት ትንፋሽ የማይሞላ ነገር ተናገሩ። አዳራሹ በሙሉ አጨበጨበ። ኃላፊው እጃቸውን ደረታቸው ላይ አድርገው እጅ ነሱኝ።

ማስጠንቀቂያ ሰምቶ የሚያጨበጭብ ማን ነው? ወደ ቤዛ ዞርኩ። ትምህርት ቤት ፈረንሳይኛ ተምራለች። ፊቷ ቀልቷል።

«ምን አሉ?»

«አንቺ በጣም አመሰገንሽ። አውሮፕላኑንም ባረክሽ አሉ።»

«እኔ?»

«እማ፣ ቢተ!» አለች በጀርመንኛ እየለመነች። «ተዪው። ከተናደዱ አይወስዱኝም።»

«አቶ ይልማ፣ እኔ ያልኩትን ይንገሩልኝ» አልኩ።

«ለእርስዎ ክብር ብዬ ነው። የጋሪ ወሬ ይዘን ፈረንጅ ፊት አንቅለል።»

«እኔ ልቅለል! ልጄ ከምትገለበጥ እኔ ልቅለል!»

ጮኼ ነበር። አቶ ይልማ ክንዴን ይዘው «ይቀመጡ፣ ያገር ሰው አያዋርዱ» አሉኝ። ክንዴን ነጠቅኋቸው። ሄጄ በትንሹ ጎማና በፓራፋንጎው መሃል ጣቶቼን ላስገባ ሞከርኩ። ሁለት ጣት እንኳ አላስገባም።

«ቤዛ፣ አጎትሽ ለምንድን ነው የሚያነክሰው?»

ልጄ እግሯን አየች፤ ጎማውን አየች። ታሪኩን ከልጅነቷ ጀምሮ ታውቃለች፤ ከዚህ ጎማ ጋር ግን አላገናኘችውም ነበር። ከዚያ ተነሳች። በተሰባበረ ፈረንሳይኛ፣ ቃል ሲጠፋት በጀርመንኛ፣ እስከ መጨረሻው ተናገረች። የሚያጨበጭብ አልነበረም።

አብራሪው መጥቶ እሱም ጣቱን ከተተ። «ከማረፌ በፊት መሬቱን በምን ልወቅ?» ብሎ በቤዛ በኩል ጠየቀኝ። አባቴ የሚያደርገውን ነገርኩት፦ ሰው ዱላ ይትከል፤ ሲነቀል አፈር ተከትሎት ከመጣ እዚያ አትረፍ። ጻፈው። ኃላፊው ስለ ክብደቱ ቢያጉረመርሙም አብራሪው ትልቁን ጎማ በእጁ መታ መታ አደረገ፤ ነገሩ በዚያው አለቀ።

ቤዛ ሄደች። በሁለተኛው ወር ፎቶ ላከችልኝ። ትልቁ ጎማ እስከ ቸርኬው በጥቁር ጭቃ ተለስኗል፤ እሷ በእንጨት ትፍቀዋለች። ከሥሩ «እማ፣ ፓራፋንጎ ቢኖር» ብላ ጽፋለች። አልጨረሰችውም። እኔም እንድትጨርሰው አልጠየቅኋትም። በአራተኛው ወር መግቢያ ላይ ቤቷ ገባች።

ባለፈው ዓመት ጄኔቫ፣ «ለ ሊኞን» በሚባል ሰፈር፣ ክርስትና ተጠርቼ አቶ ይልማን አገኘኋቸው። እጃቸውን ዘርግተው መጡ። «ያኔ ስለ መረሬው ማስጠንቀቃችን ደግ ሆነ» አሉኝ። ማስጠንቀቃችን! የሰው ድግስ ነውና ጨብጬ አለፍኩ። እስከ ዛሬ በራሴም የምናደደው ለዚህ ነው።

ምስጋና የማላውቅ ሰው አይደለሁም። ይህች አገር ልጄን አስተምራልኛለች፤ አመሰግናለሁ። ያን ቀን ግን አላመሰገንኩም። ፈረንጁ አልናቀኝም፤ ጠየቀኝ፣ ጻፈልኝም። የናቀኝ ቋንቋዬን የሚያውቀው ሰው ነው።

ከዚያ ወዲህ ቤዛ አንድ የፈረንሳይኛ ዓረፍተ ነገር እንድታስተምረኝ አደረግሁ። «እኔ እንዲህ አላልኩም» ማለት ነው። ልብስ እያጠፍኩ እለማመዳታለሁ። እስካሁን አልተጠቀምኩባትም፤ ግን አፌ ላይ ናት።